ላኪህ እግር የለውም?

አርባ የጭነት መኪና ባለው ድርጅት ውስጥ የስምሪት ኃላፊ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንዲት ጠባብ ቢሮ ሆኖ መኪናውንም ሾፌሩንም ወደ አራቱም ማዕዘን ሲልክ ኖረ፤ እሱ ግን ከግቢው በር ብዙም አልራቀም። በመስኮት ቁልፍ ያቀብላል፣ የጉዞ ወረቀት ይፈርማል፣ «በል ቶሎ በል፣ መንገድ ላይ ሻይ እንዳታበዛ» ይላል፣ አለቀ። ከዚህ የተነሳ እናት አባቱ ያወጡለት ስም ተረስቶ «ጋሼ ስምሪት» ሆኖ ቀረ።

መላክ ደግሞ እንደ ሥራ ልብስ ማታ የሚወልቅ ነገር አይደለም። ዳቦ ሲያልቅ ይልካል። ጎረቤት ሲታመም ብርቱካን ገዝቶ በሰው ይልካል። ከሰው ሲጋጭም ይቅርታውን በሰው አፍ ይልካል፣ መልሱንም በሰው አፍ ይቀበላል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «አንተ ሰውዬ፣ ገነትንም ሰው ልከህ ታስጎበኝ ይሆናል» ትለው ነበር። እሱም ከልቡ ይስቅ ነበር፤ ቀልድ መስሎት።

ሰው የማይልክበት አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በድርጅቱ መመገቢያ አዳራሽ የሚሰጠው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት። ይህን ራሱ ያስተምራል፤ ምክንያቱም በእሱ ግምት እንደ እሱ የሚያስተምር የለም። ስለ ትሕትና እንኳ እንደ እሱ አድርጎ የሚያስተምር የለም ብሎ ያምናል። ሐሜት አይሁንብኝና፣ እውነቱንም ነበር። በተለይ ስለ ክርስቶስ ማንነት ሲናገር እንቅልፋሙ ዘበኛ ሳይቀር ቀና ብሎ ይሰማዋል።

የገዛ ልጁ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አላነጋገረችውም።

ልጅቷ መካኒክ ናት። ያደገችው ከአባቷ ትምህርት የፊት ወንበር ላይ ነው፤ ጥቅሱን ከነቁጥሩ ታውቀዋለች፤ እጇ ደግሞ ፍሬን ላይ የተባረከ ነው። እዚያው ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ትሠራ ነበር። በጋራዡ አንድ ሕግ አለ። ሥራው ያላለቀ መኪና መሪው ላይ «አይንቀሳቀስ» የሚል ቀይ ሰሌዳ ይሰቀልበታል፤ ሰሌዳውን የሚያነሳውም የሰቀለው ሰው ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ እንኳ አይነካውም።

ያን ቀን ቁጥር አሥራ አራት መኪና ብረት ሊጭን በአስቸኳይ መውጣት ነበረበት። ደንበኛው በስልክ ይጮሃል። ጋሼ ስምሪት ወደ ጋራዡ ወረደ። ልጁ የፍሬን ቱቦ ልታመጣ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄዳለች፤ መኪናው ግን ጎማው ተገጥሞ መሬት ላይ ቆሟል፤ ለሚያየው ያለቀ ይመስላል። «ሰሌዳውን ማንሳት ረስታው ነው» አለ በልቡ። አነሳው፣ ብብቱ ስር ሸጎጠው፣ ለሾፌሩም ቁልፉን ሰጠው። መኪናው ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አጣ። ሾፌሩ ከሰው ጋር ላለመጋጨት ብሎ መንገድ ዳር ካለ የአሸዋ ክምር ጋር ተላተመ፤ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ጠየቀ። ልጅቷ «ሰሌዳውን ሰቅዬ ነው የሄድኩት» አለች። ሰሌዳው ቢፈለግ የለም። «አንተስ አይተሃል?» ሲባል፣ ጋሼ ስምሪት «አላየሁም» አለ። አንዲት ቃል ናት። እንደ ጴጥሮስ ዶሮ እንኳ አልጮኸበትም። ልጅቷ ቁልፍ ያለ አባቷ እጅ እንደማይወጣ ታውቃለች፤ ቀና ብላ አንድ ጊዜ ዓይኑን አየችው። አላጋለጠችውም። በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረረች፤ ከቤትም ወጣች። ሰሌዳው ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ በስምሪት ቢሮ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል።

ከዚያማ መላክ ተጀመረ። መጀመሪያ እህቱን ላከ። ልጅቷ አክስቷን ሻይ አጠጥታ፣ ጉንጯን ስማ ሸኘቻት። ቀጥሎ ታላቅ ወንድሟን ላከ። ወንድምየው «አባዬ ይወድሻል» አላት። «በምን በደልኳት ይላል?» ብላ ስትጠይቀው «እሱን አልነገረኝም» አላት። ከዚያ ደግሞ አዲስ የሥራ ጫማ በዘበኛው እጅ ላከ፤ ጫማው ከነካርቶኑ ተመለሰ። ለሁሉም የሰጠችው መልስ አንድ ነበር።

«ላኪህ እግር የለውም?»

በመጨረሻ ማንን ቢልክ ጥሩ ነው? እግሩ የተሰበረውን ሾፌር! ይህ ሾፌር መኪና ሲነዳ ስለማይቸኩል ድሮም «ቀስታ» ነው የሚባለው፤ በሕይወት የተረፈውም በዚያው ቀስታው ነው፤ አሁን አረማመዱም ስሙን መሰለ። ጋሼ ስምሪት ማክሰኞ ጠዋት ጠርቶ «አንተው ሄደህ ይቅር ብዬሻለሁ ብትላት ልቧ ይራራል» አለና ላከው። ጥፋት የሌለባትን ልጅ ይቅር እንዲላት ተጎጂውን ላከ! ድፍረቱን እዩልኝ።

ቅዳሜ እንደ ወትሮው ተሰበሰቡ። ስድስት ሾፌሮች፣ ዘበኛው፣ ከመንገዱ ማዶ የጭነት መኪና ሸራ የምትሰፋው እትዬ ሸራ። እትዬ ሸራ ካልተከራከረች የሰማችው ትምህርት አይዋጥላትም፤ ጋሼ ስምሪትም አፉ አይበለው እንጂ እሷ የቀረች ቀን ትምህርቱ ይቀዘቅዝበታል። ጠረጴዛዎቹ ተገጣጥመዋል፣ የምሳው ሽታ ገና አልወጣም፣ በመስኮቱ በኩል የቆሙት መኪኖች ግንባራቸውን ደርድረው ይታያሉ።

ቀስታ እጁን አነሳ።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። እግዚአብሔር ያን ያህል ከወደደን፣ ለምን ሌላ ይልካል? ራሱ አይመጣም ነበር?»

የጋሼ ስምሪት ፊት በራ። መነጽሩን አወለቀ። መነጽሩን ካወለቀ መጽሐፉን ሳያይ ሊናገር ነው ማለት ነው፤ ሾፌሮቹ ይህን ስለሚያውቁ ወንበራቸውን አመቻቹ።

«ሌላ ላከ ያለህ ማን ነው?» አለ። «ነቢያትን ላከ፣ አዎ። አንዱን ደበደቡት፣ ሌላውን ወገሩት። ክርስቶስ ግን ከእነሱ ወረፋ ቀጥሎ የመጣ መልእክተኛ አይደለም። ዓለም ሳይፈጠር ቃል ነበረ፤ ከእግዚአብሔር ዘንድ ነበረ፤ እሱም ራሱ እግዚአብሔር ነበረ። ያ ቃል ነው ሥጋ ለብሶ መሀላችን ያደረው። ፊልጶስ ‹አብን አሳየን› ሲለው ምን አለው? ‹እኔን ያየ አብን አየ› አለው። መልእክተኛ እንዲህ ይላል እንዴ? እኔ አንተን ደንበኛ ዘንድ ልኬህ ‹እኔን ካያችሁ ስምሪቱን አያችሁ› ብትል፣ በማግስቱ ነው ቁልፉን የምቀማህ!»

ሾፌሮቹ ሳቁ። እትዬ ሸራ ግን አልሳቀችም።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ጣቷን ቀስራ። «‹አብ ላከኝ› ያለው ማን ሆኖ ነው? ‹አብ ከእኔ ይበልጣል› ያለውስ? አንተ የሚመችህን ሰፍተህ የማይመችህን ትቀዳለህ ልበል?»

«አልቀድም እትዬ፣ ሁለቱም አንድ ላይ የተሰፋ ነው። አብ ወልድ አይደለም፣ ወልድም አብ አይደለም። ወልድ ወደ አብ ይጸልያል፣ ይታዘዘዋል፣ ላከኝም ይላል። አምላክነታቸው ግን አንድ ነው። የእኛን መላላክ እዚያ ላይ አትለኪው። እኔ ልጄን ብልክ፣ ልጄ የሚያውቀው የነገርኩትን ብቻ ነው፤ የደበቅኩትን አያውቅም፤ የሚሄደውም የራሱን ፊት ይዞ ነው፣ የእኔን አይደለም።»

ይህን ብሎ ከፊቱ ያለውን ብርጭቆ አነሳ። ውኃ ጎንጨት አለና ቀጠለ።

«ወልድ ግን አባቱ የሚሠራውን ሁሉ አይቶ ይሠራል። ከአባቱ የተደበቀበት የለም፤ የአብ የሆነው ሁሉ የእሱ ነው፤ አብ በእሱ አለ፣ እሱም በአብ አለ። ስለዚህ እሱ ሲመጣ፣ ደጃችንን ያንኳኳው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ሐዋርያው ‹እግዚአብሔር በክርስቶስ ሆኖ ዓለሙን ከራሱ ጋር አስታረቀ› የሚለው ለዚህ ነው።»

«‹ይበልጣል›ስ? አመለጥከኝ እኮ!»

«አላመለጥኩሽም። መካኒክ ጉድጓድ ገብቶ ሲሠራ አይተሽ አታውቂም? አፋፉ ላይ የቆመው ከላይ ነው፣ እሱ ከታች ነው። ግን ጉድጓድ ስለገባ መካኒክነቱ ቀነሰ? እንዲያውም ሥራው ያለው እዚያ ታች ነው። ጌታም ከአባቱ ጋር እኩል ሳለ፣ ያን ክብር ሙጭጭ ብሎ አልያዘውም። ወረደ። ባሪያ ሆነ። እዚያ ታች ሆኖ ነው ‹ይበልጣል› ያለው።» ብድግ አለ፤ ሲግል መቀመጥ አይችልም። «ደግሞ ይህ የፈላስፋ ጨዋታ አይምሰላችሁ። የበደልነው እኛ ነን፤ የመጣው እሱ ነው። እሱ ቁጭ ብሎ አንድ ፍጡር ልኮ ቢያስገድል ኖሮ ፍቅሩ የቱ ላይ ነው? የሚወድ ሰው አይልክም፤ የሚወድ ራሱ ይመጣል!»

ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው፤ ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። ዘበኛው «አሜን!» አለ። እትዬ ሸራ እንኳ «ይህቺስ ደህና ተሰፋች» ብላ እጇን አጣጠፈች።

ቀስታ የተሰበረ እግሩን ከጠረጴዛው ስር ቀስ ብሎ ዘረጋ።

«ጥሩ መልስ ነው ጋሼ። ግን ጥያቄው የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የልጅህ ነው። ማክሰኞ ያልከኝን ሁሉ ነገርኳት። ሥራዋን ሳታቆም ሰማችኝ። ከዚያ ‹ቅዳሜ ይህን ጠይቅልኝ፤ መልሱን ከማንም በላይ ያውቀዋል› አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።»

ጋሼ ስምሪት እንደቆመ ቀረ። አፈረ፤ በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ከተናገረው ውስጥ የሚመልሰው ቃል ቢፈልግ አላገኘም፤ ሁሉም እውነት ነበር፤ ዛሬም ይምልበታል። እውነት ያልሆነው እሱ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የእግዚአብሔርን መምጣት ሲሰብክ፣ እሱ ከወንበሩ አልተነሳም።

ወጣና ወደ ቢሮው ሄደ። መሳቢያው ሲከፈት እስከ አዳራሹ ተሰማ። ተመልሶ ቀዩን ሰሌዳ ቀስታ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ተሰቅሎ ነበር» አለ። «ያነሳሁት እኔ ነኝ። አላየሁም ያልኩት ውሸቴን ነው። እግርህን የሰበርኩት እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም።»

ቀስታ ሰሌዳውን በጣቱ ነካው።

«እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ይቅር ስል የኖርኩት እሷን ነበር» አለ። «ከአንተ ጋር ገና ብዙ ወሬ አለን ጋሼ። ዛሬ አያልቅም። አሁን ግን ተነስና እሷ ዘንድ ሂድ።»

አንዱ ሾፌር የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «ላድርስህ?»

«ተወኝ» አለ ጋሼ ስምሪት። «ራሴ እሄዳለሁ።»

ሰሌዳውን ብብቱ ስር ሸጎጠ፤ ልክ እንደዚያን ቀን። አርባ መኪና አገር ለአገር ሲያሠማራ የኖረው ሰውዬ የቱ አውቶቡስ የት እንደሚሄድ አያውቅም። የመጀመሪያው ላይ ተሳስቶ ተሳፈረ፣ ወረደ፣ አንዲት ተማሪ ጠየቀ፣ ሁለተኛው ላይ በሰው ትከሻ ተጨፍልቆ ቆመ። ግን አንድ ጊዜ እንኳ ልመለስ አላለም። መልሱን ያውቀው የለ?

ልጁ አሁን የምትሠራበት ጋራዥ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ሰፊ ግቢ፣ በግሪስ የጠቆረ ሲሚንቶ፣ ከአንድ ትልቅ መኪና ስር የወጡ ሁለት ቦት ጫማዎች። እግሮቹን አወቃቸው። አጠገባቸው ቆመ።

ከታች ሆና የምታየው የእሱን ጫማ ብቻ ነው፤ የቅዳሜ ጫማው ነው፣ ያብረቀርቃል።

«ጫማህ ንጹሕ ነው፤ ለሥራ አልመጣህም» አለች ከስር። «እሱ ነው የላከህ፣ አይደል? አሁን ደግሞ ማን ቀረው? ንገረው፤ እግር ከሌለው—»

ጋሼ ስምሪት ጎንበስ አለ። ጉልበቱ ቀጭ አለ። ከነሱፉ መሬት ላይ በጀርባው ተኛ፣ የተነጠፈውን ካርቶን ይዞ እየተንፏቀቀ ከመኪናው ስር ገባ። ግሪስ ግንባሩ ላይ ጠብ አለ። ፊቱ ከፊቷ ጎን ሲደርስ ልጅቷ መፍቻዋን እንደያዘች ደረቀች።

«ማን ላከህ?» አለች።

«ማንም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

ሰሌዳውን ከብብቱ አውጥቶ በመካከላቸው አስቀመጠው። እዚያው ተኝቶ ነገራት፤ እንዴት እንዳነሳው፣ ለምን እንዳነሳው፣ በስብሰባው እንዴት እንደፈራ፣ እሷ አንድ ቃል ሳትናገር ስትወጣ ከኋላዋ ሊጠራት አፉን ከፍቶ እንዴት እንደዘጋው። ምክንያት አልደረደረም። መጨረሻ ላይ «በድዬሻለሁ ልጄ፣ ይቅር በዪኝ» አለ፤ ዕንባው ወደ ጆሮው ፈሰሰ፤ በጀርባው የተኛ ሰው ዕንባ መሄጃው ወደዚያ ነው።

ልጅቷ ብሎኑን ሁለት ጊዜ አጠበቀች።

«ቀስታ ያውቃል?»

«ከመምጣቴ በፊት ነገርኩት።»

«ሥራ አስኪያጁስ?»

«ሰኞ ጠዋት፣ ቢሮውን ሲከፍት።»

«በማን በኩል?»

«በዚሁ በአፌ።»

«ሦስት ዓመት ነው አባዬ» አለች፤ «መንገዱ እኮ አርባ ደቂቃ ነው።»

«ሁለት ሰዓት ነው የፈጀብኝ» አለ እሱ። «አውቶቡስ ተሳስቼ ተሳፍሬ።»

ሳቋ አመለጣት። ልትመልሰው ሞከረች፣ እንቢ አላት፤ ሳቁ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ፣ እጇም ሥራ ስለያዘ ፊቷን መጥረግ አልቻለችም፤ አባቷ በሱፉ እጅጌ ጠረገላት፤ ግሪሱን ይበልጥ አዳረሰው።

«ሁሉም ነገር ዛሬ አይስተካከልም» አለችው ሲረጋጉ። «እዚህ ሁሉ ‹ሰሌዳ ረስታ ሰው ያሰበረችው› እያሉ ነው የሚያውቁኝ። አላለቀም ስል አይሰሙኝም፤ መኪና ከእጄ ላይ ይነጥቃሉ።» ሰሌዳውን አንስታ ሰጠችው። «ይህን ይዘህ ውጣ። መሪው ላይ ስቀልልኝ። እስክጨርስ ማንም እንዳያነሳው።»

ተንፏቆ ወጣ። ሱፉ ሱፍ መሆኑ ቀርቷል። ወደ መኪናው ወጥቶ ሰሌዳውን በእሷ ስም መሪው ላይ ሰቀለ፣ ወርዶም በሩ አጠገብ ቆመ።

ብዙም ሳይቆይ የጋራዡ ባለቤት ቁልፍ እያቃጨለ መጣ፤ የመኪናው ሾፌር ተከትሎታል። ባለቤቱ ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራሱ ተገርሞ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው የተሰቀለው? አንሳው እንጂ፣ መኪናው መውጣት አለበት። አልቋል እኮ፤ ጎማው ተገጥሟል።»

«ያለቀ ይመስላል» አለ ጋሼ ስምሪት። «እኔንም አንድ ቀን መስሎኝ ያውቃል። ያን ቀን የሰቀለችውን ሰሌዳ አንስቼ ሰው ያሰበርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አልረሳችም። አባቷ ነኝ።» ይህን ያለው ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በመስኮት ሲጮህ የኖረ ድምፅ ነው፤ በየመኪናው ስር የነበሩ መካኒኮች አንገታቸውን አወጡ። «ይህ መኪና የሚያልቀው ልጄ አልቋል ስትል ነው።»

ባለቤቱ አፉን ከፍቶ ሽማግሌውን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ከመኪናው ስር የወጡትን ቦት ጫማዎች አየ። ቁልፉን ኪሱ ከተተና ሊጠብቅ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

ጋሼ ስምሪት አንድ ሰዓት ያህል ቆመ። እግሩ ዛለ፣ አልተቀመጠም። በመጨረሻ ልጅቷ ወጣች፣ እጇን በጨርቅ ጠረገች፣ ወደ መኪናው ወጥታ ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ረገጠች፣ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች። ከዚያ ሰሌዳውን በራሷ እጅ አነሳችው።

«አሁን መኪናው ይሂድ» አለች። ወደ አባቷም ዞራ፣ «አንተ ግን ቆይ፤ እጄን ልታጠብና አብረን እንወጣለን።»